የሐጂ ዩሱፍ የድንጋይ ጎድኖች

ሐሙስ፣ ከፈጅር ሶላት በኋላ፣ ኮድቡር ሰፈር፣ ሐርጌሳ

መኪናው በራችን ላይ ቆሞ ይንተከተካል። ሾፌሩ ሙክታር ጥሩምባውን አንዴ ነካ አደረገና ጎረቤት እንዳይቀሰቅስ ፈርቶ ተወው። እኔ አንዱን እግሬን መኪናው ውስጥ አስገብቼ፣ አንዱን መሬት ላይ ተክዬ እጠብቃለሁ። የቤት አከራዬ ሐጂ ዩሱፍ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው የፊት ወንበር ላይ ከተሰየሙ ቆይተዋል። የቀሩት ባለቤታቸው እማማ ሩቂያ ናቸው። የግቢውን በር ቆለፉ፣ ቴርሞስ ረሳሁ ብለው ከፈቱ፣ እንደገና ቆለፉ፣ አሁን ደግሞ የመስገጃ ምንጣፉን ሊያመጡ ገብተዋል።

ሐጂ ዞር ሳይሉ፣ ይቺ ሴት መሄድ አልፈለገችም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ቀን ጉልበታቸውን ሲያማቸው፣ አንድ ቀን እንግዳ ሲመጣባቸው ነው የከረሙት። ለምን እንደሆነ ግን የገባኝ ኋላ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ነጂባ እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ዋሄን ገበያ ውስጥ፣ ገንዘብ መንዛሪዎቹ ከሚቀመጡበት ጀርባ፣ ዲራ የሚባለውን የሐርጌሳ ሴቶች ሰፊ ቀሚስ እሰፋለሁ። ባለፈው ስለ በርበራ ሙቀት አማርሬ የጻፍኩላችሁ እኔው ነኝ። የዛሬው ጉዞ ደግሞ ዳይኖሰር ፍለጋ ነው። አትሳቁ፣ ወላሂ የምሬን ነው።

ሐጂ የተወለዱት ከሐርጌሳ በስተደቡብ፣ ግመል ከሚሰማራበት ሜዳ ነው። ያደጉትና ፊደል የቆጠሩት ግን ድሬዳዋ ነው፤ እማማ ሩቂያንም ያገቡት እዚያው። እና ሐጂ ዕድሜ ልካቸውን የሚያወሩት አንድ ታሪክ አለ። ድሬ ከመግባታቸው በፊት፣ አክስታቸው ዘንድ ሳሉ፣ ከሰፈሩ አጠገብ ባለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ የሆነ የጎድን አጥንት አይተዋል፤ እየተደረደረ የወጣ፣ አንዱ ጎድን ከሳቸው ቁመት የሚበልጥ። ሦስተኛው ስንጥቅ ነበረበት። ትንሿን ጣታቸውን ስንጥቁ ውስጥ ከተው አልወጣ ብላ ሲያለቅሱ፣ አክስታቸው ቅቤ ቀብተው አላቀቋቸው።

እዚያ ቤት ይህን ታሪክ ያልሰማ የለም። ልጆቻቸውም ሰምተዋል፣ የልጆቻቸው ባሎችና ሚስቶችም ሰምተዋል፤ ማንም ግን አላመነም። እንዲያውም አንድ ሰው ሲያጋንን «ይሄማ የአባባ ጎድን ነው» ይባላል። እኔም ተከራይ ሆኜ ገብቼ ወር ሳይሞላኝ ለምጄው፣ ደንበኞቼ «ለሰርግ ነው፣ ነገ ነው የምፈልገው» ሲሉኝ በሆዴ የአባባ ጎድን እላለሁ።

ቀልድ መሆኑ የቀረው አምና ነው። ሐጂ መርሳት ጀመሩ። ሻይ ላይ ስኳር ሁለቴ ይጨምራሉ። ከመስጊድ ሲመለሱ የሰው በር ያንኳኳሉ። አንድ ቀን እማማ ሩቂያን በሞተች እህታቸው ስም ጠሯቸው። ውጭ አገር ያሉት ልጆቻቸው ሲደውሉ እናታቸው ስልኩን ይዘው ወደ ኩሽና መግባት አመጡ፤ ሐጂ ደግሞ ጆሯቸው ደህና ነው፣ ይሰማሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ በር ላይ መጥተው ቆሙና፣ ያንን የትልቁን አውሬ ሥዕል በስልክሽ አሳዪኝ አሉኝ። ዳይኖሰር አወጣሁላቸው። ጎድኑን ብዙ አዩት።

«ሄጄ ማየት እፈልጋለሁ» አሉ። «ካለ፣ አለ። ከሌለ ግን፣ ሌላው የማስታውሰው ሁሉ መኖሩን በምን አውቃለሁ?»

መኪና እፈልግልዎታለሁ አልኳቸው።

ፍለጋው ከጉዞው በላይ አደከመኝ። ያነጋገርኩት ሾፌር ሁሉ «ድንጋይ ለማየት?» እያለ በግርምት አየኝ። ሚስቱ ደንበኛዬ የሆነች፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው አገኘሁና ጠየቅኩት። ዳይኖሰር ይሁን የባሕር እንስሳ ሳላይ መናገር አልችልም፣ ብቻ ፎቶ አንሺ፣ እንዳትሰብሩት አለኝ። እኔ በበጋው፣ መንገዱ ደረቅ ሳለ እንሂድ ስል ሐጂ ተቆጡ። በደረቅ ወራት አርብቶ አደር ቤት እንግዳ ሆኖ መሄድ የልጆቹን ወተት መንጠቅ ነው፤ ያላቸውን አንዲት ፍየል ያርዱልሻል፣ አልበላም ብትያቸው ይቀየሙሻል፣ ብትበዪ ግፍ ነው አሉኝ። ጉ የሚሉት የበልግ ዝናብ እስኪጥል ጠበቅን። ዘንድሮ ደግሞ አላህ ሰጥቶ አወረደው።

ያው ሐሙስ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ከከተማ መውጫ

ስለ ሐርጌሳ መኪና አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሚነዱት በቀኝ ነው፣ እንደኛ። መኪኖቹ ግን አብዛኞቹ መሪያቸውም በቀኝ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ የመንገዱ ጥግ ላይ ተለጥፎ ይቀመጥና ከፊቱ የጭነት መኪና ካለ ወዲያ ማዶ የሚመጣውን ማየት አይችልም። የሚያየው ግራ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። ሾፌሩ «ልለፍ?» ይላል፣ ተሳፋሪው አንገቱን አስግጎ «እለፍ» ወይም «ቆይ» ይላል። እዚህ ፊት የተቀመጠ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም፤ የሁሉም ነፍስ በሱ ቃል ላይ ነው።

ዛሬ ያ ወንበር ላይ ያሉት ሐጂ ናቸው።

ሙክታር የሐረርጌ ልጅ ነው። አያሃ ሰፈር ይኖራል፣ ቀን ሥራ ሲሠራ ቆይቶ አሁን የሰው መኪና ይነዳል። ስለ ሐጂ መርሳት የሚያውቀው ነገር የለም። የውሃ ቦቴ ከፊታችን ገጠመንና እንደ ደንቡ፣ «ሐጂ፣ ልለፍ?» አለ። እማማ ሩቂያ ከኋላ ወንበር ተስፈንጥረው በሁለቱ መሃል አንገታቸውን አስገቡ። ሐጂ «እለፍ» ከማለታቸው እማማ «ቆይ፣ ቆይ» አሉ። ሙክታር ፍሬን ያዘ። መንገዱ ባዶ ነበር።

ሐጂ ከዘራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ሁለተኛው ቦቴ ጋ ስንደርስም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሙክታር ሲጠይቅ ሐጂ ዝም ማለት ጀመሩ፤ እማማ ብቻ ከኋላ ሆነው ይመልሳሉ። እኔ መስኮት መስኮቱን አይ ነበር።

ረፋድ፣ መንገድ ዳር ቁርስ ቤት

በቆርቆሮና በላስቲክ የተሠራች ቤት ናት። ላሆህ፣ እንደኛ እንጀራ ዓይን ያለው ግን ትንሽና ለስላሳ፣ ከፍየል ጉበት ጋር ቀረበልን። ሻዩ በግመል ወተት ነው፤ ቅርንፉዱ አፍንጫ ይከፍታል። ሂሳቡ ከሐርጌሳ ግማሽ ነው፤ እንደ ሁሉም ነገር በስልክ ከፈልን። ሐጂ ስኳር ጨመሩ፣ አማሰሉ፣ ወደ ውጭ ትንሽ አዩ፣ ደግመው ጨመሩ። እማማ አይተዋቸው ዓይናቸውን ወደኔ አዞሩ። እኔ ጉበቴን ቀጠልኩ፤ ምን ላድርግ?

ከዚህ ወዲያ አስፋልት የለም። ቀይ አፈር፣ ግራር፣ ከሰው ቁመት የሚረዝም የምስጥ ኩይሳ። ዝናቡ ካባራ ገና ቅርብ ስለሆነ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል፤ መንገዱ መሃል ኩሬ፣ ኩሬው ዳር ግመል። ሁለት ጊዜ ጎማችን ሰመጠ። መጀመሪያ ጊዜ ገፋን፣ ሁለተኛው ጊዜ በአንድ እረኛ ምክር ቅጠል አነጠፍን። ጫማዬ የጫማ መልክ አልቀረውም። ሐጂ ግን ከመንገዱ ጋር ሰው ሆኑ። ከዚያ ኮረብታ በኋላ ወደ ግራ፣ እዚያ ጋ መቃብር አለ፣ ቀጥሎ ሁለት መንታ ግራር ይሉ ጀመር። መቃብሩ አለ። ከመንታ ግራሮቹ አንዱ ተቆርጧል፣ ጉቶው ግን አለ። ሙክታር ሐጂ የመንገድ ካርታ ናቸው እያለ ይስቃል። እማማ አልሳቁም፤ እጃቸው መቁጠሪያቸው ላይ ነው።

ቀትር፣ ከሂቦ ቤት

የተቀበለችን ሂቦ የምትባል፣ የሐጂ አክስት የልጅ ልጅ ናት፤ በኔ ዕድሜ ትሆናለች። ባሏ ግመል ይዞ ራቅ ብሏል። እንደምንመጣ በስልክ ተነግሯታል፤ ለምን እንደምንመጣ ግን አልተነገራትም። ሐጂ በስልክ መሳቂያ አልሆንም ብለው ከልክለውን ነበር። እሷም አልጠየቀችም፤ እዚህ አገር እንግዳ ጠጥቶ፣ በልቶ፣ አርፎ ራሱ እስኪናገር ምን ፈልገህ ነው አይባልም። በምትኩ ወሬ ነው። ዝናቡ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ እገሌ ወለደች፣ እገሌ ሞተ፣ መንገዱ እንዴት ነበር። እኔ የገበያ ሶማሊኛ ነው ያለኝ፤ እማማ በሹክሹክታ ያስተረጉሙልኛል። ወተት ጠጣን፣ ሻይ ጠጣን። የሰፋሁላትን ዲራ ሰጠኋት፤ ልኳን ሳላውቅ ነው የሰፋሁት፣ ዲራ ደግሞ ደግነቱ ለማንም ይሆናል። እላይዋ ላይ ደርባ ለበሰችውና ያንኑ ለብሳ ሩዝ ትቀቅል ጀመር።

ሐጂ እግሬን ላፍታታ ብለው ተነሡ። እማማና እኔ ተከተልናቸው። ደረቁ ወንዝ ከግቢው ጀርባ ነው፤ ዛሬ መሃሉ ላይ ቀጭን ውሃ ይዟል። ሐጂ ቁልቁል ከዘራቸውን እየተከሉ ወረዱ፣ አንድ ጥምዝ አለፉ፣ ሁለተኛው ጋ ቆሙ።

ምንም የለም። የወንዙ ግድግዳ እዚያ ላይ ተቦርቡሮ ጉድጓድ ሆኗል፣ ውስጡ ጭቃ ነው። ሐጂ ወደ ላይ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ወደ ታች ሄዱ፣ ተመለሱ። ጭቃውን በከዘራቸው ወጉት። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን አገላብጠው ያዩት ጀመር፤ ትንሿን ጣት።

እማማ ክንዴን ያዙኝ። ድምፃቸው ለመስማት እስኪያቅተኝ ድረስ ቀጭኖ ነበር።

«ለዚህ ነበር አልመጣም ያልኩት» አሉኝ። «ቤት ብንቀመጥ ኖሮ ሊኖርም ይችላል እንል ነበር።»

የውሃ ጎርፍ ወስዶት ይሆናል ልል አልኩና፣ ሐጂም ይህን ካሰቡት እንደሚቆዩ ገባኝ፤ ተውኩት። ከዚህ በኋላ እኚህ ሰውዬ የሚናገሩትን ማን ይሰማቸዋል? ራሳቸውስ ራሳቸውን ይሰማሉ? ስንመለስ እማማ ከፊት፣ ሐጂ ከኋላ ሆኑ፤ ሌላ ጊዜ እንዲህ አይደለም።

ከአሱር ሶላት በኋላ፣ እዚያው

ሩዙ ተበላ። ሐጂ አልበሉም ማለት ይቻላል። ይህን ጊዜ ነው ሂቦ በእንግዳ ወግ መጠየቅ የቻለችው፤ አጎቴ፣ ወንዝ ውስጥ የጠፋባችሁ ነገር አለ እንዴ አለች። እማማ ሩቂያ ቀና አሉና በሶማሊኛ ነገሯት፤ የድንጋዩን ጎድን፣ ስንጥቁን፣ ጣቱን፣ ቅቤውን፣ ሁሉን። ልክ ራሳቸው ያዩት ይመስል አንድ ነገር ሳያጎድሉ ነው የነገሯት። ሂቦ ሳቀች። የሷ ሳቅ ግን የማላገጥ አልነበረም።

«ጎድኖቹን ነው?» አለች። «አሁን የጠጣችሁት ሻይ እኮ ከላያቸው የተቀዳ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ አገር ምንጭ የለም፤ ሰው የሚኖረው ቢርካ በሚሉት፣ መሬት ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ በተገነባ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። የሂቦ አባት ቢርካቸውን ሲገነቡ የደረጃው አፍ እየተናደ አስቸገራቸው። ትልቅና የማይፈርስ ድንጋይ ሲፈልጉ፣ ከወንዙ ግድግዳ ያንን ጎድን ያለበትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈነቀሉት። ጫፍ ጫፉ ተቆረጠ፤ የቀረውን እንዳለ በግመል ጎትተው ከደረጃው ጎን አቆሙት። የጎድኑን ፊት ወደ ውስጥ፣ ወደ ውሃው አዞሩት።

ከዚያ ወዲህ ውሃ የሚለኩት በሱ ነው። የመጀመሪያው ጎድን ብቅ ሲል ልብስ ማጠብ ይቆማል። ሦስተኛው ሲታይ ደግሞ ለመንገደኛ ውሃ መስጠት ይቆማል፤ ሂቦ ይህን ስትናገር ቀና ብላ አላየችንም፣ እንደ ማፈር አለች።

ተነሥተን ሄድን። ቢርካው እሾህ ተከልሎበታል። ከስር ቡናማ ውሃ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከላይኛው ደረጃ በቀር የሚታይ የለም። ስልኬን አውጥቼ አንድ ፎቶ አነሣሁና መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በበጋው መጥተን ቢሆን ኖሮ ይታየን ነበር። ግን ያኔ ሂቦ ሻይ የምታፈላልን በምን ነበር? ሐጂ ውሃውን ሲያዩ ፊታቸው ላይ ደስታም ቅሬታም አብሮ አየሁ። ከዚያ አልሐምዱሊላህ አሉ፤ አይታይ፣ የሚታየው ውሃው ሲጎድል ከሆነ እንዳይታይ ያድርግላችሁ አሏት። ሂቦም አሚን አለች።

እኔ ግን ሐጂ፣ እጅዎን ሰድደው ይንኩት አልኩ። ሂቦ የሚጠጣ ውሃ ውስጥ እጅ አይገባም፤ ግን ታጥቦ ከሆነ፣ ለአጎቴ ከሆነ፣ ይሁን አለች። ሐጂ ወደ ኋላ አሉ።

«እኔ አልነካም» አሉ። «እኔ ከነካሁ፣ ባይኖርም አለ እላለሁ። አሁን እጄንም አላምነውም።»

እማማ ሩቂያ አምባራቸውን አወለቁና ሰጡኝ። ሂቦ ከጆግ አፈሰሰችላቸውና እጃቸውን እስከ ብብታቸው ታጠቡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል ብያችኋለሁ፤ እሱ ውሸት አልነበረም። እያቃሰቱ ከደረጃው አፍ በጎናቸው ተኙ፣ እኔ ወገባቸውን ያዝኩ። ሐጂ ጀርባቸውን ሰጥተው እሾህ አጥሩን ያያሉ።

ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ሰደዱ። ድንጋዩን በዳበሳ አገኙት። አንድ አሉ። ክርናቸው ሰመጠ፣ ሁለት አሉ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪነካ ወረዱ፤ ጉንጫቸው ውሃ ነክቷል። ብዙ ቆዩ። እኔ ሦስተኛውስ ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

«ዩሱፍ» አሉ እማማ። ሐጂ ሳይሉ ባዶ ስማቸውን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ጣትህ እንዴት ነው የገባችው? የኔ ከጥፍሯ አላልፍ አለች።»

ሐጂ አልዞሩም። ከዘራቸው ላይ ግንባራቸውን ደግፈው ነበር።

«ልጅ ነበርኩ» አሉ።

እማማ ግን እጃቸውን አላወጡም። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ይበቃዎታል አልኳቸው፤ ቆይ አሉኝ። እኔም ቆየሁ። ላልዋሽ፣ አለቀስኩ።

አርብ፣ ወደ ሐርጌሳ

አደርን፤ በማለዳ ተነሣን። ሂቦ አንድ ጀሪካን ወተት አስጫነችን። ለዩኒቨርሲቲው ሰው ያነሣሁትን አንድ ፎቶ በስልክ ልኬለት ነበር፤ ይሄማ ውሃ ነው፣ በደረቁ ወራት ተመልሳችሁ ሂዱ አለኝ። ዳይኖሰር ይሁን ምን ይሁን አሁንም አላውቅም። በደረቁ ወራት ግን አልሄድም፤ ደረቁ ወር እንዲመጣባቸውም አልመኝም።

ሐጂ አልተለወጡም፤ እንዳይመስላችሁ። አስፋልት ሳንደርስ፣ የግቢውን በር ቆልፈናል ወይ ብለው ጠየቁ። እማማ ቆልፈናል አሉ። ትንሽ ቆይተው ያንኑ ጠየቁ። እማማ ያንኑ መለሱ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ።

ከተማው ሊታየን ሲል ፍየል የጫነ መኪና ከፊታችን ገባ፤ አቧራው አገር ያክላል። ሙክታር ወደ ጥጉ ተጠግቶ ነው የሚነዳው፣ ምንም አያይም። ካለፈው ቀን ለምዶ በመስታወት ወደ ኋላ፣ ወደ እማማ አየ።

እማማ ሩቂያ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ነበር። «እኔን ምን ታየኛለህ?» አሉት። «እሳቸውን ጠይቅ።»

ሙክታር ጠየቀ። ሐጂ አንገታቸውን አስግገው አዩ፣ ጊዜ ወሰዱ። «እለፍ» አሉ።

እማማ ወንበሩ ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አለፍን።